ለክፍል ሁለት የተሰጠ ነጥብ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ በስልኳ የአንድ ፊልም ክፍል ሁለት አሳየችኝና ስንጨርስ፣ «አያቴ፣ ስንት ኮከብ እንስጠው? ከክፍል አንዱ ይሻላል?» አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ቤት ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። ይህ አመል ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ።

በደርግ ጊዜ ጎንደር ተማሪ ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ከብርቱካን ጋር ፒያሳ ሲኒማ እንገባለን። እሷ ከአዘዞ በአውቶቡስ ስትመጣ የሽንብራ ቆሎ ከቦርሳዋ አይጠፋም። አንድ የካራቴ ፊልም መጀመሪያ የታየ ጊዜ አዳራሹ በፉጨት ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ክፍል ሁለቱ ግን ምን ልበላችሁ፣ በፊተኛው ሞቶ የተቀበረው ሰውዬ ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይራገጣል። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው አንኮራፋ። ብርቱካንም ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳትና ቆሎው ተበተነ።

ያን ሰሞን የሒሳብ አስተማሪያችን ግራፍ እያስተማሩን ነበር። ሰው ለሁለቱ ፊልሞች ከአሥር ስንት እንደሚሰጥ ጠይቄ በመስመር ላሳይ አልኩ። ብርቱካን ሳቀች እንጂ አልከለከለችኝም። በሚቀጥለው እሑድ ፊልሙ ሲያልቅ እስክሪብቶ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሞኝነቴን እዩልኝ፤ ስንቱ ቤት ሰው በታሰረበትና በጠፋበት ዘመን፣ የሚጽፍ ሰው በሚያስፈራበት ዘመን።

ሁሉም «ሁለቱም አሥር» እያለ አለፈኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ ለገበያ የመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሲወጡ፣ «አያ፣ የፊተኛው ይሻላል የኋለኛው?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ፣ ምን አረግሁሽ? ሁለቱም ሸጋ ነው፤ ስሜን ግን ተይው።»

ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም ነበር። ያ ባለፈው እሑድ ያንኮራፋው ሰውዬ እንኳ ለሁለቱም አሥር ሰጠ። ቤቴ ገብቼ ግራፉን ሳወጣው ሁለቱ መስመሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተጋደሙ።

ሳምንት ሳይሞላ ጆሮ ጠቢ ናት መባሌን ሰማሁ። ብርቱካንም ሲኒማ መምጣቷን ተወች። የብርቱካን ወንድም ከጠፋ ወራት ሆኖት ነበር፤ ቤተሰቡ ቆላ ወርዶ ወደ ሳንጃ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዷል ይላል፣ እኔም እስከዚያ ቀን አምኜ ነበር። አዘዞ ሄድኩ። እናቷ እትዬ ዘውዴ ሌላ ጊዜ እጄን ይዘው የሚያስገቡኝ፣ በሩ ላይ ቆመው «የለችም» አሉኝ። ከውስጥ የብርቱካንን ሳል ሰማሁ። ቆይታ ወጣች።

«ግራፉን ቀደድኩት» አልኳት። እንድትስቅልኝ ብዬ ደግሞ፣ «አንቺስ ስንት ትሰጪው ነበር?» አልኳት።

«ሁለቱም እኩል ናቸው» አለችኝ፣ እናቷን እያየች።

አለቀስኩ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ለቅሶዬ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ሲኒማ በር ላይ ያየኝ ሰው ስሜን አያውቅም፤ ግራፍ እንደምሠራ ከእሷ ሌላ ማን ያውቃል? ስሜን ያጠፋችው እሷ ብትሆንስ? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባላል፤ ያን ቀን እኔም ጠረጠርኩ፣ ከዚያ በኋላ አዘዞ አልሄድኩም። ወንድሟ ይመለስ አይመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አያቴ፣ ስንት?» አለች ልጅቱ።

«ሁለት። የፊተኛው ይሻላል።»

ስልኩን ነካ ነካ አደረገችው። ነጥቡን ማን እንደሰጠ ይታይ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አዎ፣ በአንቺ ስም ነው የሰጠሁት፤ ስምሽ ይወጣል። ላጥፋው?»

ዳግመኛ ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ብርቱካን ትከሻዬ ላይ የተኛችበትን እሑድ አሰብኩ።

«ተይው» አልኳት፣ «ይውጣ። ምናልባት ታየው ይሆናል።»