የአቶ ኃይለመስቀል ሁለተኛ ዓይን

በመንዟ ቀየት ከተማ ጠላ ቤት ለማግኘት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። እንደሌላው አገር ሁሉ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ፈልጎ መግባት ነው። የቀየት ጣሳ ግን ፊት አለው። አንዱ ጉንጩን ነፍቶ ሳቁ ሊያመልጠው ደርሷል። ሌላው የትናንቱ ጠላ ገና ያልለቀቀው ይመስል ዓይኑን ጨፍኗል። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው ደግሞ አንድ ቅንድቡን ሰቅሎ “ዛሬም መጣህ?” የሚል ነው። ባለትዳር ወንዶች በዚህኛው ሥር ሲያልፉ ቀና እንደማይሉ ይወራል።

ፊቶቹን የሣለቻቸው ትርሲት ናት። ሠላሳ ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ ሹራቧ ላይ ያላረፈ የቀለም ዓይነት የለም። ይህች ሴት አንድ ነገር ባለበት ሲቀመጥ ማየት አይሆንላትም። የጎማ ጠጋኙ ግድግዳ ላይ ሁለት ያረጁ ጎማዎች ተሰቅለው ነበር። መሀላቸው ላይ የሙክት ፊት ሣለችና ጎማዎቹ ቀንድ ሆነው አረፉት። የቀበሌው አጥር ላይ የነበረው ስንጥቅ ዛሬ አቀበት መንገድ ነው፤ ጥቃቅን ሰዎች ከነፈረሳቸው ወደ ጓሳ ተራራ ይወጡበታል። ስንጥቁን ሊደፍን የመጣው ግንበኛ መንገደኞቹን ሲያይ መሄጃ ላሳጣቸው አይደል ብሎ ጭቃውን ይዞ ተመለሰ። አጥሩ እስከዛሬ እንደተሰነጠቀ ነው፤ የተቆጣም የለም።

እጇን ያፍታታችው የኔታ አትናቴዎስ ዘንድ ነው። የኔታ የሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሣሉ፣ የአካባቢው አድባራት ሁሉ የሚጠሯቸው ሠዓሊ ናቸው። የትርሲት አባት የደብሩ ዘበኛ ስለነበሩ ቤታቸውን ከየኔታ ቤት የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነበር። ልጅቷም ቀለም እየበጠበጠች፣ ሸራ እየወጠረች፣ ብሩሽ እያጠበች አደገች። የኔታ ለተማሪዎቻቸው ርኅራኄ የሚባል አያውቁም። የመልአክ ክንፍ ወይም የጻድቅ እጅ ጥቂት ከወረደ በመቋሚያቸው ጫፍ ይጠቁሙና “ዝቅ ብሏል፣ አፍርሰው” ይላሉ። ትርሲት ካርቶን ላይ የሣለችውን ስታሳያቸው ግን ፈገግ ብለው “ጎበዝ ልጄ” ብቻ ይሏታል። ተማሪዎቹ በእሷ ይቀናሉ፤ እሷ በተማሪዎቹ ትቀናለች። የሚሞገሰው ልጅ፣ የሚታረመው ሠዓሊ መሆኑ ገና ያኔ ገብቷታል።

አድጋ የሱቅ ግድግዳና የጣሳ ፊት መሣል ስትጀምር የኔታ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገሩም። ዝም ብለው ብቻ አለፏት። ገበያ ሲወርዱ ጥቁር ጃንጥላቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ ነው። ትርሲት ለጠየቃት ሁሉ ፀሐዩን ፈርተው ነው ትላለች። በደመናማ ቀንም እንደዚያው ማድረጋቸውን ግን ታውቃለች፤ ያማታልም።

እንጀራዋን የነካው ግን የኔታ ሳይሆኑ ባነር ነው። ከደብረ ብርሃን ታትሞና ተጠቅልሎ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ጠዋት ይሰቀላል፣ ከሰዓት በኋላ ሱቁ አዲስ ነው። ፀጉር አስተካካዩ የማያውቃቸውን የባሕር ማዶ ጎረምሶች ደጃፉ ላይ ሰቀለ። ሥጋ ቤቱ በሬው ከበረዶ ተራራ ሥር የሚግጥበት ባነር አመጣ። አንድ በአንድ ሁሉም ወደዚያው ሲሄድ የትርሲት ብሩሾች ደርቀው ቆሙ። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የምትሠራው እኅቷ የምሥራች በየሳምንቱ እየደወለች፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ነይና ከእኔ ጋር ሥሪ ትላታለች። ትርሲትም በመጨረሻ፣ የጀመርኩት አንድ ግድግዳ አለ፤ እሱ ሥራ ካመጣልኝ እቀራለሁ፣ ካላመጣልኝ እመጣለሁ ብላ ቃል ሰጠቻት።

ግድግዳው የአቶ ኃይለመስቀል ነው። አቶ ኃይለመስቀል የበርኖስ ካባ፣ የባና ብርድ ልብስና የጋቢ ነጋዴ ናቸው። ሰውየው ተጫዋች ናቸው፣ ጨርቅ ሲለኩ ግን ክንዳቸው እንደ ደንበኛው ያጥራል ተብለው ይታማሉ። የድንጋይ ሱቃቸው ማዕዘን ላይ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ወደ ገበያው፣ ሌላው ወደ ዘመሮ ከተማ መሄጃው መንገድ ይዞራል። ከቤተ ክርስቲያን የሚወርደው መንገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ይመጣል። ሰውየው በገበያው በኩል፣ በርኖስ ደርበው፣ ራሳቸው እንዲሣሉ ፈለጉ።

ትርሲት በጎን ሣለቻቸው። በመስኮቱና በማዕዘኑ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ፊት ለፊት ቢሆኑ ትከሻቸው አይገባም። ደግሞስ በጎን ሆነው የራሳቸውን ዕቃ የሚያዩ ቢመስሉ አያምርም? የኔታ ቤት የምትሰማው ሕግ ትዝ ሳይላት አልቀረም። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ናቸው። ያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው፣ ይሄ የበርኖስ ሱቅ ነው አለችና ቀጠለች። ሲያልቅ ከሠራችው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሆነ። የበርኖሱ ጸጉር በእጅ የሚዳሰስ ይመስል ነበር። ሸራ ጋርዳበት የገበያውን ቀን ጠበቀች።

ገበያው ሚካኤል ላይ ዋለ። ሸራው ሲወርድ ሕዝቡ ቅዳሴ አስቀድሶ በመንገዱ እየወረደ ነው፤ ዓይኑ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ መነሳቱ ነው። ከፊት የነበሩት ባልቴት ቀና ብለው አዩና አማተቡ። የሚከተሏቸውም አማተቡ። አቶ ኃይለመስቀል የእንኳን ደስ አለዎት ሊቀበሉ በሩ ላይ ቆመዋል፤ የሚጨብጣቸው ጠፋ። ቆይቶ ጎረቤታቸው ገብስ ነጋዴው ወዳጆ ከሱቁ ወጣና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። ይሁዳ መንዝ መጥቶ በርኖስ መግዛቱን አልሰማሁም ነበር አለ። በቃ፣ ገበያው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ቀትር ላይ ወሬው አድጎ፣ ትርሲት የሰውየውን ክንድ ታውቅ ኖሮ ነው እስከመባል ደረሰ።

ወይዘሮ ጌታነሽ፣ የአቶ ኃይለመስቀል ባለቤት፣ ጓዳ ሆነው ሳቁን ሰሙና ወጡ። ሥዕሉን ብዙ አላዩትም፤ ያዩት ትርሲትን ነው።

“ባሌን ይሁዳ አድርገሽ ገበያ አወጣሽው” አሏት።

አቶ ኃይለመስቀል ግን አልጮኹም፤ ቢጮኹ በቀለላት። ዕቃቸውን ሰብስበው በሩን ሊዘጉ ሲሉ፣ ለሚመጣው ገበያ ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ ባነር አዝዣለሁ ብለው ብቻ ነገሯት። በዚያ ኖራ ስሟም አብሮ እንደሚለሰን ገባት። ይሁዳ አድርጋ ሣለችኝ ከተባለ ወዲያ ፊቱን የሚሰጣት ማን ነው? ጣሳም አይሰጧትም።

በማግስቱ ሁለተኛ ዓይን ልጨምር ብላ መሰላል ላይ ወጣች። በጎን ለተሣለ ፊት ሁለተኛ ዓይን የት ይገባል? ጉንጩ ላይ ብታደርገው ሰውየው የተረገጠ ጣሳ መሰሉ። ወዳጆ ከበሩ ሆኖ፣ ተዪ፣ ይሁዳው ይሻል ነበር አላት። ጠረገችውና ቀጥ ብላ ወደ የኔታ ወጣች።

የኔታ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ዳዊት ይደግማሉ። ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ትርሲት ይህ የሱቅ ግድግዳ ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያን ቅድስት አይደለም፣ ሰው ለምን እንዲህ ያያል ብላ ተሟገተች። የኔታ ዳዊታቸውን ሳያጥፉ አዳመጧት።

“ልጄ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጫማችንን እናደርጋለን። ዓይናችንን ግን ለውጠን አንወጣም። ያው ዓይን ነው ገበያ የሚወርደው።”

ታዲያ ምን ላድርግ አለች። የኔታ የገበያ ግድግዳ እኔ አላውቅም አሉና ወደ ድግማቸው ተመለሱ። ትርሲት ተናደደች። የተናደደችውም እውነታቸውን ስለሆነ ነው፤ ሕጉን እያወቀች ነው የተላለፈችው። ያስከፋት ደግሞ ሌላ ነው፤ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ተነሥተው ወርደው ያዩለት ነበር።

እያጉረመረመች መንገዱን ወረደች። ትልቁ ባሕር ዛፍ ጋ ስትደርስ ቀና አለች፤ የሱቁ ማዕዘን ፊት ለፊቷ ተገትሯል። የገበያው ግድግዳ ወደ አንድ ጎን፣ የዘመሮው ግድግዳ ወደ ሌላ ጎን ይሸሻል። መሀል ላይ የድንጋዩ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ለስንት ዓመት በዚህ መንገድ ስትወርድ ማዕዘን ነበር፤ አሁን የአቶ ኃይለመስቀል አፍንጫ ነው። ብቻዋን ሳቀች። ከኋላዋ ማገዶ ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ ሴት ደኅና ነሽ ወይ ብለው ጠየቋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የጎኑን ፊት ፋቀችው። ግማሹን ፊት በገበያው ግድግዳ፣ ግማሹን በዘመሮው ግድግዳ አደረገችና የድንጋዩን ጠርዝ አፍንጫ አድርጋ ተወችው። ትከሻው አሁን ቦታ አልጠበበውም፤ በርኖሱ በሁለቱም መንገድ ተዘረጋ። ችግሩ ዓይኖቹን ማስተካከል ነበር። መሰላል ላይ ሆና ሁለቱንም አታያቸውም። አንዱን ትነካና ወርዳ ባሕር ዛፉ ድረስ ትሮጣለች፣ አይታ ተመልሳ ሌላውን ትነካለች። የገበያው ሰው ልጅቷ በይሁዳው ምክንያት አበደች አለ።

በገበያው ዋዜማ አቶ ኃይለመስቀል የኖራ ባልዲ አንጠልጥለው መጡ። በገበያው በኩል ቆመው ቀና አሉ።

“አሁንም አንድ ነው” አሉ።

ትርሲት ከመሰላሉ ወረደችና ትንሽ አብረዋት እንዲወጡ ለመነቻቸው። ባልዲውን እንደያዙ፣ በየእርምጃው እየተነጫነጩ ተከተሏት። ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ ይዙሩ አለቻቸው።

ዞሩ። ከታች ራሳቸው ቀና ብለው ያዩአቸዋል፤ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት መንገድ የሚሞላ በርኖስ። አቶ ኃይለመስቀል ሳያውቁት በነጻው እጃቸው አፍንጫቸውን ዳበሱ።

“በዘመሮ መንገድ የሚመጣውንም አየዋለሁ ማለት ነው?”

“ያዩታል፣ ጋሼ።”

“ገበያውንስ?”

“እሱንም።”

ባልዲውን መሬት አስቀመጡት። ባነሩ ለገለባ መሸፈኛ ይሆናል አሉና፣ ባለቤታቸውን ሊጠሩ በሩጫ ወረዱ። ወይዘሮ ጌታነሽ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጥተው አዩ። ይሄ ባሌ ነው አሉ።

በገበያው ቀን ሱቁ ፊት መቆሚያ ጠፋ። በገበያው በኩል የመጣ አንድ ዓይን ያይና ሌላኛውን ፍለጋ ይዞራል። በዘመሮ የመጣውም እንደዚያው። ማዕዘኑ ላይ ይጋጩና እየተሳሳቁ ሙሉውን ለማየት ወደ ባሕር ዛፉ ይወጣሉ። ወዳጆ አልተኛም፤ አቶ ኃይለመስቀል የሚጸድቁት ከቤተ ክርስቲያን ለሚመጣ ሰው ብቻ ነው እያለ ያስቃል። ሰውየው በሁለት በኩል ስለሚጠበቁ ነው መሰል ክንዳቸውም ረዝሟል ተባለ፤ የለካ ግን የለም። ሥጋ ቤቱ በሬዬን ከበረዶ አውጪልኝ ብሎ ትርሲትን ጠራት። ፀጉር አስተካካዩም ተከተለ። የምሥራች ስትደውል ትርሲት በጩኸቱ መሀል አልመጣም ለማለት ሁለቴ መድገም ነበረባት።

ገበያው ሊሳሳ ሲል ጥቁሩ ጃንጥላ በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሲወርድ አየች። እንደ ልማዱ እስከ ቅንድብ ዝቅ ብሏል። ትርሲት እጇን በሹራቧ ጠረገች። ባሕር ዛፉ ጋ ሲደርሱ የኔታ ቆሙ። ጃንጥላው ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ከዚያ ታጠፈ። የኔታ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ አሉ፣ ተመልሰው መሀል ቆሙ። ወደ እሳቸው ስትወጣ “ጎበዝ ልጄ” እንዳይሏት በልቧ እየለመነች ነበር። ያን ቢሏት እዚያው ታለቅስ ነበር።

የኔታ መቋሚያቸውን አነሡና በጫፉ ጠቆሙ።

“የግራ ዓይኑ ዝቅ ብሏል” አሉ። “አፍርሺው።”

ትርሲት እየሳቀችም እያለቀሰችም ወርዳ መሰላሉን አነሣች። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። አቶ ኃይለመስቀል በድንጋጤ ከሱቁ ወጥተው ደግሞ ምን ልትነኪ ነው ብለው ጠየቋት፤ ዓይንዎን አለቻቸውና ወጣች። የኔታ ጃንጥላቸውን እንዳጠፉ፣ ጨርሳ እስክትወርድ ድረስ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመው ጠበቋት።