ላሞቹን አትውቀስ

ባሌ በሌላው ነገር ሞኝ ቢጤ ነበር፤ ከብት ላይ ግን ማንም አይስተካከለውም። ከተማው ገና እንጦጦ አናት ላይ ሳለ፣ እኛ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተዳፋት እንኖር ነበርና ላሙ አልወልድ ያለችው ሁሉ ምክር ፍለጋ ወደ እሱ ይመጣ ነበር።

በቤታችን አልወልድ ያልኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። በተጋባን በሰባተኛው ዓመት አማቴ፣ የባሌ እናት፣ መታገሥ አቃታቸው። «መካን ይዘህ ዘርህ ይጥፋ?» አሉት። ሽማግሌዎች እሑድ መጥተው ወደ አባቴ ቤት እንዲመልሱኝም ቀጠሮ ያዙ። ባሌ ተነሥቶ ከብቶቹን ሊያይ ወጣ። ያ አወጣጡ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐሙስ ዕለት አንድ ጎረቤት ሦስት ላሞች እየነዳ መጣ።

«ኮርማዬ እንደሆነ አንበሳ ነው፤ ሲወጣባቸው አይተሃል። እነዚህ ናቸው የማይረቡት፤ ሦስቱም አልወልድ አሉኝ። ላርዳቸው ነው» አለ።

ባሌ ላሞቹን ዳበሰና ሳቀ። «ላሞቹን አትውቀስ። ጉልበት ሌላ፣ ዘር ሌላ። ኮርማውን ቀይር።»

እኔ ደጃፍ ላይ ገብስ እያበጠርኩ ነበር። ቀና ብዬ አየሁት። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ዓይኔን ማየት ፈራ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ፣ አማቴ ሳይጀምሩ እሱ ተነሣ።

«እማዬ፣ ጎረምሳ ሳለሁ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ፣ ወደ ታች ወርዶ ያሳበጠኝን ታስታውሺያለሽ?»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እንግዲህ መካኑ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እሷን አትንኩብኝ።»

ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከሠርጌ ቀን አብልጬ ወደድኩት።

ትልቁ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ፍርዱ ያንቺ ነው። ገና ወጣት ነሽ፤ ሌላ ብታገቢ ትወልጂ ይሆናል። ትሄጃለሽ ወይስ ትቀሪያለሽ?»

ባሌ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ልጅ እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም። እሱን ግን የበለጠ እፈልገው ነበር።

«አባቴ፣ ባሌ ኮርማውን ቀይር ብሎ ጎረቤቱን መክሯል፤ ምክሩም ልክ ነው» አልኩ። «እኔ ግን ላም አይደለሁም።»

መጀመሪያ የሳቁት አማቴ ነበሩ፤ ዕንባቸው እየወረደ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ፣ «ሐሙስ የገባህን እስከ እሑድ ምነው ደበቅከኝ?» አልኩት።

«ምክሬን ሰምተሽ እንዳትቀይሪኝ ፈርቼ» አለኝ።