አራተኛው ቀን፣ ከቧሂት ማዶ

ትናንት ልብስ ላወጣ ሣጥኑን ስከፍት፣ ከሥር ታጥፎ የተቀመጠው የሸራ ቦርሳ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ፣ ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ዛሬም ገብስ ገብስ ይላል። በኪሱ ውስጥ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት አለ። ሳልገልጠው አውቀዋለሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመቴ፣ ብዕር ቀለም ውስጥ መንከር ብቻውን ልቤን በሚያስፈነድቅበት ጊዜ፣ የጻፍኩት የጉዞ እቅድ ነው። አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። መጻፍ አሁንም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ልንገራችሁ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ህንዳዊው የጂኦግራፊ መምህራችን የስሜንን ተራሮች በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሣለና፣ በዚያ ድክ ድክ በሚል አማርኛው «ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን እናንተ ጎንደር ቁጭ ብላችሁ አላያችሁም» አለን። ከገና በኋላ፣ ጥምቀት ሳይደርስ፣ ዐሥር ተማሪዎች ይዞ ሊወጣ አስቧል። ሚስቱም ስለምትሄድ ሴቶችም እንችላለን። የአሳዳጊ ፈቃድ ያመጣ ብቻ ይሄዳል።

እኔ ዋልያ ማየት ፈለግሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ግን የፈለገችው ሌላ ነበር። እሷ የመካነ ብርሃን ልጅ ናት። አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ ጎንደር ደብር የሚያገለግሉ የቤተ ክህነት ሊቅ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ለትምህርት ብላ እሳቸው ቤት ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ከዚያ ወዲህ እናቷን አላየችም። ሰሌዳው ላይ ወደ ዳር የተሣለውን ተራራ፣ ቧሂትን፣ በአገጯ እያሳየች «ከዚያ ማዶ እኮ ቤታችን ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር፣ ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እቅዱን ጻፍን። አንደኛ ቀን፦ በጭነት ማኪና፣ በኮሶዬ በኩል፣ ደባርቅ። ሁለተኛ ቀን፦ በእግር፣ ጓዝ በበቅሎ። ሦስተኛ ቀን፦ ዋልያ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የጅብራ ተክል ቁመት ይለካል። አራተኛው ላይ ስደርስ ብዕሩን ከእጄ ነጥቃ፣ በዚያ በትልልቁ ፊደሏ «እናቴ ቤት» ብላ ጻፈች።

«መምህሩስ ይፈቅዳል?»

«ቁልቁለት እኮ ነው! እኔ እንደ ፍየል ወርጄ እመለሳለሁ። አንቺ የጎንደር እመቤት ግን ተንከባለይ።»

አሁን መንገዱን የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ አራት ቀን አይበቃም ነበር አሉ። ማን ነግሮን!

በኅዳር መጀመሪያ ከአገሯ አንድ ሽማግሌ ዘመድ መጣ። በቅል ቅቤ ይዞላት ነበር። ሮጣ ጉልበቱን ሳመችና «እናቴስ?» አለችው።

«ደኅና ናት። ይኸው ልካልሽ።»

ላብ ሊጠርግ ሻሹን ሲፈታ ራሱ ተላጭቷል። «ምነው አያ፣ ፀጉርዎን?» አለችው።

«ቅማሉ ነዋ፣ ክረምቱን ሙሉ በላኝ» አለ። እኛ ሳቅን። እሱም ትንሽ ሳቀና ወደ ደጅ ወጣ።

በዚያ ቅቤ ለመንገድ ጭኮ እንሥራ አለች። ለረቡዕና ለዓርብ በሶ፣ ለቀረው ቀን ጭኮ። ከጭኮው ግማሹ ግን የመንገድ ስንቅ አልነበረም። «በቅቤዋ፣ በእጄ ሠርቼ ላቅምሳት። ሴት ሆኜ አታውቀኝም እኮ» አለች። ገብሱን እኛ ቤት ቆልተን አስፈጨን፤ ቅቤውን አንጥረን ለወስነው። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር መቅመስ የለም። ክርናችን ድረስ ቅቤ ሆነን፣ ጣታችንን እንዳንልስ አንዳችን ሌላችንን እንጠብቃለን። «አፍሽን ዝጊ፣ ሽታው ያስገድፍሻል!» ትለኛለች። እናቴ ከጓዳ «ምን ያስቃችኋል፣ እናንተ ልጆች?» ትላለች። ጭኮው ላይ ጨው ጨምሬ ነበር፤ መጨመሬን ግን ለጓደኛዬ አልነገርኳትም።

የኔታ ግን አልፈቀዱም። በጠየቀቻቸው ቁጥር «ከጥምቀት በኋላ እናያለን» ነው መልሳቸው። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ መምህሩ ተመልሷል።

«አንቺ ጻፊላቸው» አለችኝ አንድ ቀን። «አንቺ ስትጽፊ ሰው እምቢ አይልም።»

ይህን ብላኝ እንዴት አልጽፍ! ሦስት ቀን ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ጻፍኩ። ከግእዝ የሰማኋትን ሁሉ ጨመርኩ። «ልጅ ከእናትዋ ብትለይ ከገደል አፋፍ እንደ ቀረች የዋልያ ግልገል ናት፤ የኔታ ሆይ፣ ግልገሊቱን ወደ እናትዋ ይምሯት» የሚለው ላይ ስደርስ ራሴን በራሴ አደነቅሁ።

ከቅዳሴ ሲመለሱ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከወይራው ሥር አገኘናቸው። ደብዳቤውን ለፀሐይ አዙረው ቀስ ብለው አነበቡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ግልገሊቱ ጋ ሲደርሱ አወቅሁ፤ ቆሙ። የጋቢያቸውን ጫፍ ስበው ዓይናቸውን ጠረጉ። አጥፈው ዳዊታቸው መሐል ከተቱት።

«ጽሕፈትሽ ሸጋ ነው፣ ልጄ። እሷ ግን አትሄድም።»

«ምነው፣ የኔታ?»

«ብርድ ነው» አሉና ገቡ።

እሷ እዚያው ከወይራው ሥር ተቀመጠች። እኔ አጽናናኋት፤ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም። ዳዊት የሚደግሙ፣ ቅኔ የሚቀኙ ሊቅ በእኔ ጽሑፍ አለቀሱ! እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ያንኑ ነገርኳት። አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን አዞረች። ይህን ስጽፍ ጉንጬ ይቃጠላል።

ገና አለፈና መምህሩ ስምንት ልጆች ይዞ ሄደ። እኔ ያለ እሷ አልሄድም ብዬ ቀረሁ። ማኪናዋ አቧራዋን እያቦነነች ወደ ደባርቅ መንገድ ስትወጣ ሁለታችን ከዳር ቆመን አየናት። «ይሁን» አለች። «ለፋሲካ እንሄዳለን። ጭኮ አይበላሽም።»

የጥምቀት ሆታ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ማለዳ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር የለበሰችው።

«ተነሽ። ጓደኛሽን የሚይዛት ይፈለጋል።»

«ማን ሞተ?»

«እናቷ። በመስከረም ነው። ዘመዶቿ በዓሉ ይለፍ፣ መርዶ በሆታ መሐል አይነገርም ብለው ነው።»

በመስከረም። መምህሩ ተራራውን በጥቅምት ነበር የሣለው።

ስንደርስ የኔታ ግቢ ሰው ሞልቷል። ያ የተላጨው ሽማግሌም ነበር። እሷ ፊቷን ታጥባ፣ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ ሰዉን አየች፣ የኔታን አየች፣ እኔን አየች። ማንም ቃል ሳይናገር ደብተሩ ከእጇ ወደቀ። መሬት ላይ እንዳትፈርጥ በወገቧ ያዝኳት፤ እንዲያ ያለ ጉልበት አላት ብዬ አስቤ አላውቅም። ከብዙ ጩኸት በኋላ ድምጿ ሲዘጋ፣ አንገቷን ወደ ሽማግሌው አዙራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አያ፣ ቅቤውስ? ቅቤው የማን ነበር?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አየ። ከገበያ የገዛው ነበር።

በሳምንቱ ከአገሯ ሰዎች ጋር እንድታለቅስ በበቅሎ ወሰዷት። ሄደች፤ ያለ እኔ፣ ያለ እቅዱ፣ ተራራውን ዞራ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ የጭኮውን ቦርሳ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ውሰጂው እንጂ፣ ስንቅ ነው» አልኳት።

«ለማን?» አለችኝ።

አልተመለሰችም። ለባል ሰጧት ብሎ አንድ ነጋዴ ነገረን። ጭኮውን እሷ በሄደች ማግስት ቀመስኩት፤ አይቀመስም፣ ጨው ነው። ለካ እሷም ጨምራ ኖሯል፣ ሳትነግረኝ።

ዛሬ የሰፈሩን ሰው ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንዳንዴ የጻፍኩትን ሳነብላቸው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። እኔ ብዕሬን አስቀምጬ «ቤት ደኅና ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።