ግማሽ ነዳጅ

ባሌ አርባ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ እኔ ግን ሲነዳ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። የሹፌር ሚስት የምታየው ባሏ ከበር ሲወጣና በበር ሲገባ ነው እንጂ መንገዱን አይደለም። ጅቡቲ ነው ይሉኛል፣ ሞያሌ ደርሷል ይሉኛል፤ እኔ መካኒሳ አቦ ከስፌት መኪናዬ ጋር ተፋጥጬ የሰው ቀሚስ እያሳጠርኩ እጠብቃለሁ። ሲወጣ «ቀስ ብለህ ንዳ» እለዋለሁ፤ «እሺ» ይለኛል። እሺታው እውነት ይሁን ውሸት የማረጋግጥበት መንገድ አልነበረኝም።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ስትሮክ ግራ ጎኑን መታው። እግሩ እየጎተተም ቢሆን ተመለሰ፤ የግራ እጁ ግን አኮረፈ። ሆስፒታል እጁን የምታሠራው ልጅ ለስላሳ ኳስ ሰጥታው በቀን ሦስት ጊዜ እንዲጨብጣት አዘዘችው። «እኔን ኳስ!» አለና ወስዶ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እሱም ወንበሩን ይዞ ቀረ። ቀኑን ሙሉ በአስፋልቱ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ድምፅ እያዳመጠ «ይሄ ማርሽ ቶሎ ቀየረ፣ ይሄ ጭነት በዝቶበታል» ይላል። የሚሰማው ሰው አልነበረም። አንጀቴን ይበላው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለቡ መብራት ኃይል ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ነው ነገሩ የጀመረው። ወደ ታክሲ መያዣው እያዘገምን ሳለ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ አቧራ ሲነሳ አየን። የንብ መንጋ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። «ሞተር ነው» አለኝ። «የኤሌክትሪክ ሞተር። ብዙ ናቸው።» መልስ ሳልሰጠው ጎንበስ ብሎ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያይ አገኘሁት፤ እኔ በጥቁር ነጠላዬ ከኋላው ቆሜ ሰው እንዳያየን እማፀናለሁ።

መሬቱ ድሮ ሽንብራ ይዘራበት የነበረ ነው። ባለቤቶቹ የአካባቢው ነባር ገበሬዎች ናቸው፤ ግማሹን ዛሬም ይዘሩታል። በቀረው ላይ ኤሌክትሪክ የተማረችው ልጃቸው አፈር ቆልላ፣ ኩርባ አበጅታ፣ በሪሞት ለሚነዱ መኪኖች መወዳደሪያ ሠርታበታለች። መኪኖቹ ክንድ አያህሉም፤ በባትሪ ይሄዳሉ፣ ከቁልሉ ላይ ዘለው ጎማቸው አየር ላይ ሲሽከረከር ይታያል። ሰዎቹ ከፍ ባለ የጣውላ መድረክ ላይ ተደርድረው፣ ሪሞታቸውን ይዘው ከዚያ ላይ ይነዳሉ። ልጅቷ አየችንና «ፋዘር፣ አጥር ላይ ምን ያደርጋሉ? ይግቡ እንጂ! ማዘር፣ እርስዎም ይግቡ» አለች።

ሪሞቱን ስታሳየው እኔ ዓይኔን ያሳረፍኩት ሌላ ነገር ላይ ነው። የግራ እጁ ላይ። ሪሞቱ ሽጉጥ ይመስላል። የግራ እጅ እጀታውን ይጨብጣል፤ የግራ እጅ ሌባ ጣት ምላጭ የሚመስለውን ይስባል፤ ሲስቡት መኪናው ይሄዳል፣ ወደፊት ሲገፉት ፍሬን ነው። ቀኝ እጅ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መሪ ያዞራል። ኳስ አልጨብጥም ያለው ሰውዬ የግራ እጁን ጣቶች በቀኙ እያንዳንዳቸውን አንስቶ እጀታው ላይ ሲያስቀምጣቸው አየሁት። እሱ ገና አንድ ቃል ሳይናገር እኔ ልጅቷን «እንወስዳለን» አልኳት።

መውሰዱ እንኳ ቀላል ነበር፤ መምረጡ ነው ሦስት ቅዳሜ የፈጀው። ውድድሩ ምድብ ምድብ አለው። አንደኛው አራቱም ጎማው የሚገፋው ባጊ፣ ጎማው ወደ ውጭ የወጣ ዝቅ ያለ መኪና ነው፤ ፎር ዊል ይሉታል። ሌላው የኋላ ሁለቱ ጎማ ብቻ የሚገፋው ባጊ ነው። ሦስተኛው ትራክ ነው፤ አካሉ ጎማውን ስለሚሸፍነው ሲጋጭ ከሌላው ጋር አይጠላለፍም። ልጅቷ ለጀማሪ ትራኩን ትመክራለች። እኔም ደስ አለኝ፤ የዕድሜ ልክ የትራክ ሹፌር ሌላ ምን ይመርጣል ብዬ።

«አርባ ዓመት ጭነት ተሸክሜ፣ ለመዝናኛም ጭነት?» አለ።

«እሺ ፎር ዊሉስ፣ ፋዘር? መሬት ቆንጥጦ ይይዛል፣ ትንሽ ስህተት ይቅር ይላል።»

«ፎር ዊል ሹፌሩን ይሸከመዋል እንጂ ሹፌሩ አይነዳውም። ያ ባለ ሁለቱስ?»

ልጅቷ ሳቀች። «እሱ ከባድ ነው፤ ነዳጅ ሲበዛበት ኋላው ይዞራል፣ ፊቱን ወደ መጣበት አድርጎ ቁጭ ይላል። ጣት ይፈልጋል።»

ባትሪ ሆኖ ሳለ ሁሉም ነዳጅ ነው የሚሉት። እሱ ጣት የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ያን ጊዜ እንደተሸነፍኩ ገባኝ። ቢሆንም በየቅዳሜው እየሄድን ተከራከርን። በመጨረሻ የወሰነልን የልጅቷ ቃል ነው፤ «መኪና ሲመረጥ አብሮ የሚወዳደር ሰው ነው የሚታየው» አለች። ትራክ ምድብ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፣ እነሱም ወንድማማቾች። ባለ ሁለት ጎማው ግን ሰባት ሰው ነበረው። «ሰባት ሰው» ሲል ሰማሁት ለራሱ፤ ከለቅሶ ሌላ ከሰባት ሰው ጋር ከቆመ ስንት ጊዜው! ሰማያዊውን ባለ ሁለት ጎማ ይዘን ገባን።

እዚህ ላይ የእኔ ኃጢአት ይመጣል። ሪሞቱ አናት ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ ከሥሯ ቁጥር የተጻፈባት የምትዞር ነገር አለች። ልጅቷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ «ማዘር፣ ለመለማመጃ ሃምሳ ላይ አድርገነዋል። ፋዘር ምላጩን እስከ መጨረሻ ቢስቡትም መኪናው ግማሽ ኃይሉን ብቻ ነው የሚያወጣው። ሲለምዱ ከፍ ያደርጉላቸዋል» አለችኝ። ባሌ መነጽር አድርጎም ትንንሽ ጽሑፍ አያይም፤ የመድኃኒቱን ዕቃ እንኳ የማነብለት እኔ ነኝ። ክዳኗን ዘጋኋት። በሳምንቱ ልጅቷ «ከፍ አደረጉላቸው?» ስትለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አድርጌያለሁ» አልኳት። አርባ ዓመት በር ላይ ቆሜ የለመንኩት ነገር በአንድ ጣቴ ሥር ገብቶልኝ እንዴት ልተወው? ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ባሌ ሲነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ሰሞን ነው። መድረኩ ላይ በጎን በጎኑ ደረጃውን ወጥቶ ሲቆም አንገቱ ይረዝማል። ከንፈሩን ነክሶ ኩርባውን ቀድሞ ያያል፣ መኪናዋ ሳትደርስ ትከሻው ይታጠፋል። ለካ እንዲህ ነበር የሚነዳው አልኩ። ደግሞ ሕግ አላቸው፦ ተወዳድሮ የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ውድድር ኩርባ ላይ ቆሞ የተገለበጠ መኪና እየሮጠ ያነሳል። እሱ መሮጥ ስለማይችል እኔ እቆምለት ጀመር። ስልሳ ዓመቴን ይዤ፣ ነጠላዬን አሸርጬ፣ የወጣት መኪና ከአፈር ሳነሳ የሚያየኝ ደንበኛ ቢኖር ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር።

ውጤቱን ልንገራችሁ፦ መጨረሻ፣ መጨረሻ፣ መጨረሻ። አንድ ቀን ብቻ አንድ የባንክ ሠራተኛ ባለ ቀይ መኪና ደጋግሞ ሲገለበጥበት ባሌ ቀደመው፤ ያን ዕለት ለምሳ ቁርጥ አስመጣ። ከዚያ ወዲያ እንደገና መጨረሻ። እኔ መውጣት መግባቱን አይቼ ይበቃዋል እል ነበር። እሱ ግን መቁጠሩን አልተወም። «የሌሎቹ ኋላው ይዞራል» አለኝ አንድ ቀን። «የእኔ ዞሮ አያውቅም።»

«ጎበዝ ስለሆንክ ነው» አልኩት።

«አይደለም። ጣቴ እስከ መጨረሻ ስለማይስብ ነው።»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ሻይ ላፍላልህ ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ በኋላ ግራ እጁን ጋቢው ውስጥ መደበቅ ጀመረ። እንግዳ ሲመጣ ይሸፍናታል፤ ሲበላ ከገበታው በታች ያደርጋታል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባትሪውን ቻርጅ አድርጌ ብጠብቀው አልተነሳም። «ለሌላ ሰው ስጪው» አለኝ ወደ መስኮቱ ዞሮ። «የምትስብ ጣት ላለው ሰው።»

በዚያው ሳምንት የሆስፒታል ቀጠሮ ነበረው። እጁን የምታሠራው ልጅ የሚጨበጥ መለኪያ አስጨበጠችውና ዓይኗ ፈጠጠ። «አባባ፣ በጣም ጥሩ ነው! ይቺ ሌባ ጣትዎ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ትስባለች፤ ምን እያደረጉ ነው?» እሱ አመስግኗት ወጣ። ታክሲ ውስጥ ገብተን ከሹፌሩ ኋላ ካለው መቀመጫ እንደተቀመጥን «መለኪያው ተበላሽቷል» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ደህና ነህ ይለኛል። መኪናዬ ደግሞ አይደለህም ትለኛለች። እኔ የማምነው መኪናዬን ነው። ሰው ለማጽናናት ይዋሻል፤ መኪና ግን በዕድሜዬ ዋሽታኝ አታውቅም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው። ብስራተ ገብርኤልን አልፈን ታክሲው ሰው ሞልቶ ነበር፤ አጠገቤ አንዲት ሴት ጎመን ታቅፋለች። ቤት እስክንደርስ መጠበቅ እችል ነበር። አልቻልኩም።

«ዋሽታሃለች» አልኩት። «ያስዋሸኋት እኔ ነኝ። ከክዳኑ ሥር የምትዞር ነገር አለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግማሽ ላይ ናት። አንተ ሙሉውን ስትስብ ግማሹን ነው የምትሰጥህ።»

ወያላው መጣራቱን አቆመ። «ፋዘር፣ በግማሽ ነው እንዴ ሲነዱ የከረሙት?» አለ፤ ስለ የትኛው መኪና እንደምናወራ ግን አያውቅም። ባለ ጎመኗ «ኧረ ደግ አደረገች፣ ቀስ ይበል! ያለቀው ሰው አይበቃም?» አለች። ባሌ የሁለቱንም አልሰማም። ግራ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያያታል።

«ቀብሬያት ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። «ይቺን ጣት፣ ሁለት ወር ሙሉ አልቅሼ ቀበርኳት እኮ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ምኑን? ክንድ የማታህል መኪና ብትገለበጥ ማን ይሞታል?»

አርባ ዓመት የተጠራቀመ ፍርሃት መኪናው ስላነሰ አብሮ አያንስም። ይህንኑ ነገርኩት፤ ታክሲው ሁሉ ሰማ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ባለ ጎመኗም አብራኝ እንባዋን ጠረገች። እሱ መካኒሳ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አለና ቀድሞኝ ወረደ። እየጎተተ ከፊቴ ሄደ፤ አልጠበቀኝም።

ሦስት ቀን ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። በአራተኛው ቀን ስፌት ቤቴ በር ላይ መጥቶ ቆመ። «ያ የባንክ ሠራተኛ» አለኝ። «እሱን የቀደምኩት በሃምሳ ነው?»

«በሃምሳ።»

«እሱ ግን መቶ ላይ ነበር?»

«ሌላው ሁሉ መቶ ላይ ነው።»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ትከሻው ሲርገፈገፍ አይቼ አለቀሰ ብዬ ብነሳ፣ ለካ እየሳቀ ነው። ሪሞቱን ከፌስታል አውጥቶ ከጨርቆቼ ላይ አስቀመጠው። «እኔ ትንንሽ ቁጥር አላይም» አለ። «አንቺው መቶ ላይ አድርጊልኝ።» መርፌዬን አስቀምጬ ክዳኗን ከፈትኩ። አዞርኳት። «እስከ መጨረሻ ነው?» አለኝ። «እስከ መጨረሻ» አልኩት።

ቅዳሜ መድረኩ ላይ ሲወጣ እኔ ከሥር አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ገና ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሰማያዊዋ መኪና ሳብ ስትል ኋላዋ አመለጠ፤ እንደ እንዝርት ዞራ ፊቷን ወደ መጣችበት አድርጋ ቁጭ አለች። ሌሎቹ አቧራ አለበሷት። ከዚያም ዞረች፣ ደግሞ ዞረች፤ ከቁልሉ ላይ ዘላ ወድቃ ጎማዋ ወደ ሰማይ ሆነ፣ የባንክ ሠራተኛው ሁለት ዙር ደርቦ አለፋት። በየጊዜው ጩኸቴን በነጠላዬ አፈንኩት። መጨረሻ ወጣ፤ ከወትሮውም የባሰ መጨረሻ።

ደረጃውን በጎን በጎኑ ወረደ። ግራ እጁን ከፍ አድርጎ ይዟታል፣ ሰው ሁሉ እንዲያያት። ሌባ ጣቱ አሁንም እንደታጠፈች ናት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» አለኝ፣ ጥርሱ በአቧራ ተሞልቶ እየሳቀ። «ጣቴ ናት፤ ነዳጅ አበዛችባት!»