የኋላ መብራቷ ቀዳዳ

አባቴ የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ የቀበሌ ጥበቃና ውሃ። ውሃ ስል ዝናቡን ማለቴ አይደለም። በአሮጌዋ መኪናችን የኋላ መብራት ውስጥ ገብቶ የሚተኛውን ነው። ቀዩን ክዳን ከቆርቆሮው ጋር የሚያጋጥመው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ በደርግ ጊዜ መለዋወጫ መፈለግ ደግሞ ከዝንብ ማር መጠበቅ ነው። ውሃ ሲገባ አምፖሉ ይቃጠላል። መብራት የሌለው መኪና ኬላ ላይ ይቆማል፤ የቆመ መኪና ይፈተሻል። የእኛዋ መኪና ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጋዜጣ የጠቀለሉ ሰዎችን ከቤት ቤት ታመላልስ ነበር፤ ጸሎት ቤታችን ስለታሸገ የምንጸልየው በየሰዉ ጓዳ ነው።

ስለዚህ አባቴ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ክዳኑን ፈትቶ ያደርቅና ዙሪያውን ጧፍ በእጁ እያለሰለሰ ይለጥፍበታል። ሻማ ብርድ ሲመታው ይሰነጠቃል፤ ጧፍ ግን የንብ ሰም ስለሆነ ይለመጣል ይል ነበር። ጧፍ የሚገኘው አራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን። ሻጯ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ለመብራት ነው» ይላታል። አልዋሸም።

በግንቦት ወር፣ አምስት ኪሎ ከሚያስተምርበት ክፍል ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ተወሰደ። ወዲያው ሰኔ ገባ፤ እናቴ ላይ ሰኔና ሰኞ ገጠመባት። መሪ ጨብጣ የማታውቅ ሴት፣ የመኪናዋ መብራት ከደረቀ ባሏ ይመለሳል የሚል ነገር ልቧ ውስጥ ገባ። እንዲህ ብላ አልተናገረችም፤ ከእምነቷ ጋር ስለማይሄድ ታፍርበታለች። ለእኔ የነገረችኝ «ሲመጣ እንዳይበሳጭ ነው» ብላ ነው። እኔ ግን ስንቅ አመላልሳ ደክሟት ስትመጣ መኪና ሥር ስትንበረከክ ማየት ያበሽቀኝ ነበር። አሁንም ሳስበው ያበሽቀኛል።

ጧፉን ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ሻጯ አሮጊት የእናቴን ፊት አይታ ነው መሰለኝ፣ ስለትሽ ይስመርልሽ አለቻት። ስለት የእኛ አይደለም ብላ ያሳደገችኝ እናቴ «አሜን» አለች። እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ወሬው ተዳረሰ፤ ጎረቤቶቻችን ወደ አባቶችሽ ሃይማኖት እንኳን ተመለስሽ እያሉ ሳሟት። አላስተባበለችም።

አባቴ ሲለጥፍ አይታለች እንጂ እጇን አስገብታ አታውቅም። ያገኘችውን ክፍተት ሁሉ ደፈነች፤ ከክዳኑ ሥር ያለችውን፣ ከባቄላ የማትበልጥ ቀዳዳ ሳይቀር። ሐምሌ ሲመጣ መብራቱ እስከ ወገቡ ድረስ የቀይ ሥር ውሃ የመሰለ ነገር ቋጠረ። ፈታችው፣ ደፋችው፣ በአሮጌ ካናቴራዬ አደረቀችው፣ ጧፉን አወፍራ መልሳ ለጠፈች። በማግስቱ ሞልቶ አገኘነው። ስትለጥፍ ሲሞላ፣ ስትለጥፍ ሲሞላ ሐምሌ አለቀ። እንዲያውም ባጠበቀችው ቁጥር ይብስ ነበር።

ከዚያ አንድ እሑድ ጥየቃ ተፈቀደ። በእኛና በእስረኞቹ መካከል ሁለት አጥር አለ፤ ሁሉም ሰው ስለሚጮህ ካልጮኹ መሰማማት የለም። አባቴ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶት ቆሟል። እናቴ የምትነግረውን ስታጠና ነበር የሰነበተችው፤ እሱ ግን ቀድሞ ስለ መኪናዋ ጠየቃት። ጠብታ ውሃ የለባትም አለችው። ትንሽ አያት፤ ስትዋሽ ያውቃታል።

«ከሥር ያለችውን ቀዳዳ ደፍነሻታል አይደል?» አላት። «ክፈቻት። ውሃ መግባቱን አይተውም፤ መውጫ ተይለት።»

ፊሽካ ተነፋ፤ አለቀ። ምርቃት ወይም ጥቅስ ስጠብቅ ነበርና ከፋኝ። ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ነገር የመብራት ጉዳይ መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ቤት እንደገባን እናቴ ወስፌ አምጥታ ጧፉን በሳችው። ውሃው ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ከግንቦት ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ነሐሴ ሳያልቅ የእስር ቤቱ ዘብ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላት፤ ከእንግዲህ አታምጪ አላት። የዚያ ዘመን ሰው የዚህን ትርጉም የሚነግረው አያስፈልገውም። እንደ እሱ ላለ ሟች ድንኳን መጣል፣ ጮኾ ማልቀስ ክልክል ነው፤ የቀበሌ ጆሮ አጥራችን ላይ አለ። እናቴ ምሳ ዕቃውን ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ተቀምጣበት በማታውቀው በእሱ ቦታ ተቀመጠችና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። እኔ ከኋላ ቆሜ የግቢውን በር እጠብቃለሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ድምፅ አይሰማም፤ መኪናዋ ብቻ ትንሽ ትንሽ ትነቃነቅ ነበር።

ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። «ውሃ ገብቶበታል?» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያን ሁሉ ዝናብ ጠጥቶ ቀዩ ክዳን ውስጥ አንዲት ጠብታ አልነበረችም።

«ደረቅ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ምሳ ዕቃውን አንስታ፣ የተመለሰውን የአባቴን ምሳ ልታሞቅልን ገባች።