የአሮጊቶቹ ባሕር ሲዘጋ

አማቴ እማማ ማልሱን ሰማንያን ከተሻገሩ ቆይተዋል። የብስ ላይ ወገባቸው እጥፍ ብሎ ሲራመዱ ላያቸው ያሳዝናሉ፤ ባሕር ሲገቡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እኛ ቀንድ አውጣ ለመልቀም የምንጠልቅ የሞልጌ መንደር ሴቶች ከውሃ ብቅ ስንል ትንፋሻችንን የምናወጣው በፉጨት ነው። የእሳቸው ፉጨት ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ራቅ ብዬ ጥልቁ ላይ ስሠራም ይሰማኛል። ያን ጊዜ ልቤ እፎይ ይላል።

በእኛ ዘንድ ጥልቁ የጎበዞቹ ነው፤ ዳርቻው ደግሞ የአሮጊቶቹ። ጉልበት ያላት ሴት የፈለገ ብትቸገር ዳርቻው ላይ አንዲት ቀንድ አውጣ ካነሳች ስሟ ጠፋ ማለት ነው። ይህ የትም አልተጻፈም። ስለዚህ የባሕር ምርምር ጣቢያው ተመራማሪ ዶክተር ታኢክ ወጋችንን ሳያውቅ ጉድ ሠራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ትልቁ የባሕር ቀንድ አውጣ፣ ጆንቦክ የምንለው፣ ዋናው ገቢያችን ነበር፤ እያደር ተመናመነ። ታኢክ ግልገሎቹን በገንዳ አሳድጎ፣ በየጀርባቸው ምልክት ለጥፎ፣ የሚለቅበት ቦታ ፍለጋ ባሕራችንን ሲያጠና ከረመ። አንድ ቀን ከውሃ ወጥተን እሳት ከበን ስንሞቅ ካርታውን ዘረጋ።

«ይህችን ዳርቻ ሦስት ዓመት ብትዘጉልኝ» አለ።

የጠላቂዎቹ አለቃ ኦክጃ «አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?» አለችው።

«ምን አጠፋሁ?»

«የእማማን ጓሮ እኮ ነው ዝጉ የምትለው!»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ቢሆንም አልዋሸም። «ግልገሎቹ የሚበሉት ሣር ያለው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ብለቃቸው የባሕር ኮከብ የሚሉት ፍጥረት በልቶ ይጨርሳቸዋል። ምን ላድርግ?»

እኔ ተናደድኩ። ሦስት ዓመት ለእኛ ሦስት ዓመት ነው፤ ለእሳቸውስ? በዚህ ዕድሜ ከባሕር የቀረች ሴት ተመልሳ አትገባም። ጎረቤታችን ለጥቂት ጊዜ ልረፍ ብላ ቀረች፤ ከአልጋ ሳትነሳ ቀበርናት። እማማንም እንዲሁ እንዳላጣቸው ፈራሁ።

እሳቸው ግን ፀጉራቸውን እያደራረቁ ሳቁ። «ሦስት ዓመት? ሐኪሙ እንኳ ይህን ያህል አልሰጠኝም!»

ከታኢክ በቀር ሁላችንም ሳቅን።

«ይዘጋ» አሉ። «እኔ ግን ከውሃ አልቀርም። መንቀያ ብረቴን ቤት ትቼ፣ ባዶ እጄን እየገባሁ ልጆችህን አይልሃለሁ። አንዲት ሳነሳ ያየኝ በጥፊ ይበለኝ!»

እንዳሉትም አደረጉ። እየጠለቁ የባሕር ኮከብ የት እንደበዛ ለታኢክ ይነግሩታል፤ እሱም የመጥለቂያ ልብስ ለብሶ ይገባና ይለቅማቸዋል። እኛ ደግሞ ከጥልቁ ስንመለስ፣ እንደ ወጉ፣ ካገኘነው ላይ እየዘገንን መረባቸው ውስጥ እንጨምራለን።

«ለማኝ አደረጋችሁኝ» እያሉ መረቡን ይበረብራሉ። «ይህችን ጠጠር የምታህለዋን የጣለችው ምራቴ መሆን አለባት።»

«ሌላውም የእኔ ነው፣ እማማ!»

«እሱን አላየሁም።»

እንዲህ እየተቃለድን ሦስት ዓመቱ አለፈና ዳርቻው የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። መጀመሪያ የሚጠልቁት እሳቸው እንዲሆኑ ተስማማን። ብረታቸውን ይዘው ገቡ። ቆዩ። ዓይኔን ውሃው ላይ ተክዬ እጄን እነክስ ጀመር። በመጨረሻ ያ ቀጭን ፉጨት ተሰማ፤ እጃቸውም ጀርባዋ ላይ ምልክት ያለባት ጆንቦክ ይዞ ወጣ። እልልታው ቀለጠ።

ታኢክ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለካት። ደግሞ ለካት። ሕጉ እንዲያዝ ከፈቀደው መጠን የጥፍር ያህል አንሳለች።

«ዛሬስ ትለፍ፣ እማማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለእርስዎ ነው።»

«ለእኔ ተብሎ የወጣ ሕግ አለ?» ብለው ከእጁ መነጨቋት። ተመልሰው ጠለቁ፤ ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር።

አለቀስኩ። «እማማ፣ ምን ነካዎት? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቀው!»

«ታዲያ ምን ያስቸኩለኛል?» አሉኝ። «ድንጋይዋን አውቀዋለሁ። ለከርሞ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ይህን ብለው ወደሚቀጥለው ድንጋይ ዋኙ። ሰማንያን የተሻገሩ ሴት ለከርሞ ቀጠሮ ያዙ፤ እኔም አመንኳቸው።