ምድጃ ዳር የበረደው

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዳቦ ጋግሯል። ምድጃው ፊት የሚቆመው እሱ ነው፤ እኔ ከኋላው ሊጥ እመዝናለሁ። ክረምት ከበጋ በካናቴራ ነው የሚሠራው፤ እዚያ ቤት ሹራብ ለብሶ ያየው ሰው የለም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከዱቄት መኪና ላይ ወድቆ ጣፊያው ፈነዳ፤ በቀዶ ጥገና አወጡለት። ሐኪሟ ክትባት ካስወጋችው በኋላ ከሚስቱ ጋር አስቀምጣ፣ ሌላው ሰው ሁለት ቀን ተኝቶ የሚነሣበት ኢንፌክሽን ጣፊያ የሌለውን ሰው በሰዓታት ሊገድለው እንደሚችል ነገረቻቸው።

«ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት በዚያው ሰዓት ይምጡ» አለችው። «ነገ አይበሉ።»

ጋሼ «ድሮም ለድመት የሚጣል ነገር ነው» እያለ ቀለደበት። ሚስቱ ግን ነገሩን አጥብቃ ያዘችው። ከሥራ ሲገባ ግንባሩን ትዳስሳለች፤ ግንባሩ ሁልጊዜ ይፋጃል። ምድጃ ዳር የዋለ ሰው ታዲያ ምን ሊሆን ኖሯል? ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ይዛው ሮጣ በባዶ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ታጥቦ ትንሽ ካረፈ በኋላ ትዳስሰው ጀመር። ቀኑን ግን ለእኔ አደራ ሰጠችኝ፤ እዚያ ዓይኔ አንተ ነህ አለችኝ። ጥሩ ዓይን አገኘች!

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዶ ለበሰና ወደ ምድጃው ተጠጋ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። የእኔ አፍ መቼም አያርፍ፣ «እርጅና መጣ እንዴ ጋሼ?» አልኩት። ሳቀ። ሞኙ እኔ የምጠብቀው ትኩሳት ነበር፤ የበረደው ሰው ደህና መሰለኝ። እሱም ይህ ዙር ይውጣና አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ዙር ገባ። ቀትር ላይ ትሪውን እንደያዘ በጉልበቱ ወደቀ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሰጡት፤ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ወንድሜን እንዲህ በአንድ ቀን አጣሁት።

ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ፣ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው?» አለችኝ።

«ስድስት ሰዓት» አልኳት።

«እንግዲያው ወዲያው ነው ያመጣኸው» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

እስከ ዛሬ ለጠየቃት ሁሉ፣ ወንድሙ አንዲት ደቂቃ አላባከነም ትላለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ እሰማታለሁ።